«ሞቅ ያለ ድምፅ» ሲባል ምን ተሰማ? የቼሎ ተጫዋቾች ውዳሴ እንዴት ይመዘናል

አንድ የቼሎ (ከቫዮሊን የሚተልቅ፣ በደጋን የሚጫወቱት ባለ አራት ክር መሣሪያ) ተጫዋች አዲስ አልበም ባወጣ ወይም በትልቅ መድረክ በተጫወተ ማግስት የሚነበበው ውዳሴ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማሰሮ የተቀዳ ይመስላል። «ሞቅ ያለ ድምፅ»፣ «እንደ ሰው የሚዘምር ቼሎ»፣ «እንከን የማይወጣለት ቴክኒክ»፣ «ከዕድሜው በላይ የበሰለ አጨዋወት»። የተጫዋቹን ስም አውጥተን የሌላውን ብናስገባ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትም።

ጉዳዩ የቃላት መደጋገም ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። በብዙ አገሮች ጋዜጦች ለክላሲካል ሙዚቃ ሒስ ይሰጡት የነበረው ቦታ ጠቧል፤ በቋሚነት እየተከፈላቸው የሚጽፉ ሐያስያንም እየሳሱ ሄደዋል። የሚታተመው ሒስ አጭር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ለሶሎይስቱ፣ ማለትም ብቻውን ፊት ወጥቶ ለሚጫወተው፣ የሚደርሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ዕድሜዋ ረጅም ነው። ከጋዜጣው ተቆርጣ ፖስተር ላይ ትወጣለች፣ የተጫዋቹ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ትገባለች፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚቀርብ ኮንሰርት ሶሎይስት የሚመርጥ አዘጋጅ ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች። በእሷ ምክንያት አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀራል።

እነዚህ ቃላት ሲፈጠሩ ባዶ አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የሚያመለክቱት የክንድ፣ የጣት፣ የክርና የእንጨት ሥራ አላቸው። ሐያሲው ያንን ሥራ ሰምቶ ከጻፈልን አንባቢ ቀረጻውን ከፍቶ በገዛ ጆሮው ሊያረጋግጠው ይችላል። ካልጻፈልን የደረሰን ስለ ሐያሲው ስሜት የሚናገር ማስታወሻ ነው፤ ስሜቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ተጫዋቹ ግን ብዙም አይነግረንም።

ድምፁ የሚወለደው በቀኝ ክንድ ነው

ቼሎ ሲደመጥ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ግራ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ይሯሯጣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ውዳሴ የሚያገኘው «ድምፅ» ግን በአብዛኛው የቀኝ ክንድ ሥራ ነው። ክሩ ላይ የሚጎተተው ደጋን 80 ግራም ገደማ ይመዝናል። የተወጠረው የፈረስ ፀጉር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከዛፍ ሙጫ የተሠራ ሮዚን ይቀባል። ሮዚን የተቀባው ፀጉር ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩ ሲወጠር ያመልጣል፤ ወዲያው እንደገና ይያዛል። ጣት ባልተጫነው (ክፍት በሆነው) ቀጭኑ ኤ ክር ላይ ይህ መያዝና ማምለጥ በሴኮንድ 220 ጊዜ ይደጋገማል፤ በወፍራሙ ሲ ክር ላይ 65 ጊዜ ገደማ።

ተጫዋቹ የሚቆጣጠራቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የደጋኑ ፍጥነት፣ ክሩ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ ደጋኑ ከብርኩማው፣ ክሮቹን ከመሣሪያው ሆድ ላይ ከፍ አድርጎ ከሚይዘው እንጨት፣ ያለው ርቀት። ሦስቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ አንዱን ነክቶ ሌሎቹን መተው አይቻልም። ጆን ሼለንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ይህንን ዝምድና በሥዕል አስቀምጦታል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ደጋኑ ወደ ብርኩማው በተጠጋ ቁጥር የሚያስፈልገው ክብደት ይጨምራል፤ በትንሹና በትልቁ የሚፈቀድ ክብደት መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ይጠባል። ክብደቱ ካነሰ ድምፁ ክሩ ላይ ተንሳፍፎ ያፏጫል፤ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ ያጓራል። ሼለንግ ራሱ በትርፍ ጊዜው ቼሎ የሚጫወት መሐንዲስ ነበረና የጻፈውን በክንዱም ያውቀው ነበር።

ወደ ሒሱ ቃላት እንመለስ። «ብሩህ»፣ «የተሰበሰበ»፣ «እስከ አዳራሹ ጥግ የሚዘልቅ» የሚባለው ድምፅ ደጋኑ ወደ ብርኩማው ተጠግቶ፣ በዝግታና በክብደት ሲሄድ የሚገኘው ነው። «ጭጋጋማ»፣ «ሹክሹክታ የመሰለ» የሚባለው ደጋኑ ወደ ጣት ሰሌዳው ርቆ በቀላሉ ሲንሸራተት ነው። «ሞቅ ያለ» የሚለው ግን እጅግ የተለጠጠ ቃል ነው። አንዳንዱ የታችኛውን ክር ውፍረት ለማለት ይጠቀምበታል፣ አንዳንዱ ሰፊ ቪብራቶን (ጣትን ክሩ ላይ በማወዛወዝ ድምፁን ማርገብገብን) ለማለት፣ አንዳንዱ ደግሞ የአዳራሹን የድምፅ ነጸብራቅ ለተጫዋቹ ይቆጥርለታል። ቃሉ ብቻውን ከቆመ ምንም ማረጋገጥ አይቻልም። «በጂ ክር ላይ ከፍ ብሎ የተጫወተው ዜማ በኤ ክር ቢጫወተው ከሚሰጠው ይልቅ ጥቁርና ወፍራም ሆነ» ቢል ግን የሚፈተሽ ነገር ሰጠን። አንድን ኖታ በሁለት ወይም በሦስት ክር ላይ ማግኘት ይቻላል፤ ተጫዋቹ የትኛውን ክር እንደመረጠ በጆሮ ይለያል።

«የሚዘምር» የሚለው ቃል ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ይከበር። የደጋኑ ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም። በእጅ መያዣው በኩል የእጁ ክብደት በቀጥታ ክሩ ላይ ያርፋል፤ ወደ ጫፉ ሲደርስ ክብደቱ ስለሚርቅ ክንዱ ካላካካሰ ድምፁ ሳይፈለግ ይከስማል። ስለዚህ ያልበሰለ ተጫዋች ወደ ጫፍ የሚወስደው እያንዳንዱ ኖታ ጅራቱ ይሳሳል፤ ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር ደግሞ ትንሽ ጉብታ ይሰማል። አሥራ ሁለት ሴኮንድ የሚቆይ ቀስ ያለ ኖታ በአንድ ደጋን ለመጨረስ በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሄድ ይጠይቃል። እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ይሰማል፤ መደበቂያ የለውም። ይህን አልፎ የደጋኑን መመለሻ የማያሰማ፣ ኖታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፈለገው መጠን የሚያቆይ ተጫዋች ዘመረ ቢባል ተገቢው ነው።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ልጨምር። በብዙ ቼሎዎች ላይ ከኢ እስከ ኤፍ ሻርፕ ባለው አካባቢ፣ ማለትም በ165 እና በ185 ኸርዝ (በሴኮንድ በሚደረግ የንዝረት ቁጥር) መካከል፣ «የተኩላ ኖታ» የሚባል ችግር አለ። የእንጨቱ አካል ተፈጥሯዊ ንዝረትና የክሩ ንዝረት ሲጋጠሙ ድምፁ ይንተባተባል፣ እንደ ሩቅ ጩኸት ይንቀጠቀጣል። ተጫዋቾች በብርኩማውና በክሩ ማሰሪያ መካከል በሚታሰር ትንሽ የብረት ቱቦ ያለዝቡታል፤ አለዚያም የመሣሪያውን ጎን በጉልበታቸው ያጠብቁታል። ይህን ያላወቀ ሐያሲ መንተባተቡን የድንጋጤ መንቀጥቀጥ ብሎ ሊወቅስ፣ ወይም «የስሜት መቃጠል» ብሎ ሊያወድስ ይችላል። ሁለቱም መሳት ነው።

የአንድ ሚሊ ሜትር ጉዳይ

ከብርኩማው እስከ ላይኛው የክር ማረፊያ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከክፍት ክር ተነስቶ የመጀመሪያውን ግማሽ ቃና (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን የቃና ርቀት) ለማግኘት ጣት 3.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። አንድ ኦክታቭ (አሥራ ሁለት ግማሽ ቃና) ላይ ሲደርስ ያው ግማሽ ቃና 1.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ኦክታቭ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይጠባል። ጣት በአንድ ሚሊ ሜትር ቢስት፣ ታች ላይ የሚፈጥረው መዛባት የግማሽ ቃና 2.5 በመቶ ገደማ ነውና ማንም አይሰማውም። ሁለት ኦክታቭ ላይ ግን መዛባቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ የሠለጠነ ጆሮ ይሰማዋል። በቼሎ ላይ «ቃናው ንጹሕ ነበር» የሚል ውዳሴ ስለ ላይኛው ክልል ካልሆነ ብዙም ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው። በአውራ ጣት ፖዚሽን፣ አውራ ጣት ክሩ ላይ ወጥቶ እንደ ተንቀሳቃሽ ድልድይ ሲያገለግልና ሌሎቹ ጣቶች ተጣብቀው ሲሠሩ፣ እዚያ ነው ንጽሕናው የሚፈተነው።

ይሁን እንጂ ቃና እንደ ሒሳብ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ የለውም። ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካዛልስ ሥሜት ገላጭ ቅኝት ብሎ ያስተማረው መንገድ ነበረው፤ ወደ መነሻው ቃና የሚስብን ኖታ ከፒያኖ ቅኝት ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ። ያ ኖታ ብቻውን ሲለካ «ወጥቷል»፤ በዜማው ውስጥ ሲሰማ ግን ቀጣዩን ኖታ ይጠራዋል። ፒያኖ አብሮ ሲጫወት ሁለቱ ቅኝቶች ሊጋጩ ይችላሉ፤ ጥሩ ተጫዋች ከፒያኖው ጋር በረጅሙ በሚያርፍበት ኖታ ላይ ይስማማል፣ በሚያልፍበት ኖታ ላይ ነፃነቱን ይወስዳል። ይህን ምርጫ ከስህተት መለየት የሐያሲው ሥራ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ያው ዜማ ሲመለስ ያው ኖታ በዚያው መጠን ከፍ ካለ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ካለ ጣቱ ስቷል።

ስለ ቪብራቶም እንዲሁ። አብዛኛው ተጫዋች በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያወዛውዛል። ውዳሴ የሚገባው መወዛወዙ አይደለም፤ መለዋወጡ ነው። ሁሉንም ኖታ በአንድ ዓይነት ስፋትና ፍጥነት የሚያወዛውዝ ተጫዋች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጆሮን ያደክማል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ለሰማ ግን «በስሜት የተሞላ» ይመስለዋል።

አንድ ቀረጻ ለሁሉም መለኪያ ሲሆን

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር በኢ ማይነር የጻፈው የቼሎ ኮንቸርቶ (ለአንድ ሶሎይስትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) የውዳሴን ኃይልም አደጋም ከማንኛውም ሥራ በላይ ያሳያል። ጥቅምት 27 ቀን 1919 ለንደን በኩዊንስ ሆል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሶሎይስቱ ፊሊክስ ሳልመንድ ነበር፤ ኤልጋር ራሱ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን መራ። የዚያን ምሽት ሌሎቹን ሥራዎች የመራው አልበርት ኮትስ የልምምዱን ሰዓት ስለበላው ኦርኬስትራው ኮንቸርቶውን በቅጡ ሳያውቀው መድረክ ላይ ወጣ። ሐያሲው ኧርነስት ኒውማን በኦብዘርቨር ጋዜጣ ሲጽፍ ኦርኬስትራው ራሱን አሳፋሪ በሆነ መልኩ እንዳጋለጠ ተናገረ፤ ሙዚቃውን ግን ከአቀራረቡ ለይቶ አየው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ ሒሱን አስተማማኝ የሚያደርገው ይህ ነው። ጥፋቱ የት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነና ለምን እንደደረሰ ይናገራል። ኮንቸርቶው ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ለረጅም ጊዜ በሚገባው ልክ አልተወደደም።

በ1965 የ20 ዓመቷ ቼሎ ተጫዋች ዣክሊን ዱ ፕሬ ከመሪው ከጆን ባርቢሮሊና ከዚያው ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ቀረጸችው። ባርቢሮሊ በ1919 ምሽት በኦርኬስትራው ውስጥ ቼሎ ከሚጫወቱት አንዱ ነበር። ቀረጻው ከወጣ ወዲህ ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የማይጠራበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። አድናቆቱ ይገባዋል። በመክፈቻው ሶሎይስቷ ብቻዋን የምትጎትታቸው ኮርዶች (በአንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ላይ ደጋኑ ክሩን የሚነክስበትን ድምፅ ማንም ያደምጠው፤ ኮርዱ ሲጀምር የእንጨቱ ጠርዝ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ይከፈታል። ቫዮላዎቹ ያለ ምንም አጃቢ ያመጡትን ዜማ ስትቀበላቸውም ክብደቱን ቀንሳ፣ ፍጥነቱን ይዛ ነው የምትገባው።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ተበላሹ። የመጀመሪያው፣ ይህ ቀረጻ ለሌሎች ሁሉ መለኪያ ሆነ። ፈጠን አድርጎ የሚጫወት ሁሉ «ጥልቀት ይጎድለዋል» ይባላል። ኤልጋር ራሱ በ1928 ከቢያትሪስ ሃሪሰን ጋር ያስቀረጸው ግን ከዱ ፕሬው ይልቅ ወደፊት የሚገሰግስ ነው። የኖታው ጸሐፊ ራሱ መርቶ ያስቀረጸው ፍጥነት አለ፤ ሒሱ ግን ፍጥነትን የሚለካው በ1965ቱ ነው። አንድ ወጣት ተጫዋች ኮንቸርቶውን እንደ ጸሐፊው ቢጫወት «ተቻኮለ» ሊባል ይችላል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ዱ ፕሬ በ1973 መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባት ታወቀ፤ በ1987 በ42 ዓመቷ ዐረፈች። ታሪኩ ልብ ይሰብራል። ነገር ግን በ1965ቱ ቀረጻ ውስጥ «የስንብት ድምፅ»፣ «የሚመጣውን ያወቀ ሐዘን» ሰማሁ የሚል ጽሑፍ ሁሉ የሰማው ከስምንት ዓመት በኋላ የሆነውን ነው። በዚያ ክረምት ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠችው ጤነኛ፣ ክንዷ ብርቱ፣ ለአደጋ የማትሳሳ ወጣት ነበረች። የቀረጻው ተአምር ያ ብርታት ነው። በሕመም መነጽር ስናየው ሥራዋን ከእጇ ወስደን ለዕጣ ፈንታዋ እንሰጣለን፤ ይህ ለእሷ ክብር አይመስለኝም።

የሶቪየቱ ቼሎ ተጫዋች የምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪችም ጉዳይ በሌላ በኩል ይመሳሰላል። ነሐሴ 21 ቀን 1968 የሶቪየት ጦር ቼኮዝሎቫኪያ በገባበት ዕለት፣ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ከሶቪየት ኅብረት መንግሥታዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የቼኩን የድቮርዣክን ኮንቸርቶ ተጫወተ። አዳራሹ ውስጥ ተቃውሞ ተሰምቷል፤ በመጨረሻም የኮንቸርቶውን ኖታ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ቀረጻው አለ። እዚህ ላይ ታሪኩን ከድምፁ መለየት አይቻልም፤ መለየትም አይገባም፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ በዚያ ሰዓት የሆነውን ያውቅ ነበር። በ1965 እና በ1968 መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የአንዱ ታሪክ ከመድረኩ ጋር አብሮ ነበር፤ የሌላው ኋላ የተለጠፈ ነው።

ዓይንና ስም ጆሮን ሲቀድሙ

ቺያ-ጁንግ ሳይ በ2013 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች የሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን እንዲገምቱ ተደርጓል። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ያዩት ድምፁን ብቻ ከሰሙት ይልቅ አሸናፊውን ለይተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ባለሙያ ሙዚቀኞችም ነበሩ። ለቼሎ ይህ በተለይ ይብሳል። ቼሎ ተጫዋች ፊቱን ለሕዝብ ሰጥቶ፣ መሣሪያውን አቅፎ ነው የሚቀመጠው፤ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ሲተነፍስ፣ አንገቱን ሲያዘነብል ሁሉም ይታያል። ስለዚህ ሒስ ውስጥ «ሙሉ በሙሉ ራሱን ሰጠ» የሚል ሐረግ ሲገኝ የታየ ነው ወይስ የተሰማ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለሐያሲ የሚጠቅም አሠራር አለ፤ ዝግተኛው ክፍል ሲጀምር ዓይንን ከመድረኩ አንስቶ ጣሪያው ላይ ማድረግ፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን።

ስም ደግሞ ከዓይን አይተናነስም። ሒሶች ተጫዋቹ የያዘውን መሣሪያ ዕድሜና ሠሪ መጥቀስ ይወዳሉ፤ የ1712 ስትራዲቫሪየስ (የዝነኛው ጣሊያናዊ መሣሪያ ሠሪ የስትራዲቫሪ ሥራ) ሲባል አንባቢው ድምፁን ሳይሰማ አምኖታል። ክላውዲያ ፍሪትዝና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ሙከራ 21 ቫዮሊኒስቶች መሣሪያውን እንዳያዩ ተደርገው ሦስት አሮጌና ሦስት አዲስ ቫዮሊን ሞከሩ፤ አብዛኞቹ የመረጡት አዲስ ነበር፤ ከሁሉም ያነሰ የተወደደው ስትራዲቫሪየስ ሆነ። ሙከራው በቫዮሊን እንጂ በቼሎ አልነበረም፤ የስምን ጫና ለማሳየት ግን በቂ ነው።

በፒያኖው ዓለም ደግሞ በ2007 የወጣውን የጆይስ ሃቶ ጉዳይ የማያስታውስ ሐያሲ የለም። በዚህች እንግሊዛዊት ስም ከመቶ በላይ ሲዲዎች ወጥተው ከፍ ያለ ሒስ አግኝተው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሶፍትዌሩ የሌላ ፒያኒስት ስም አወጣ፤ ሲመረመር ቀረጻዎቹ ከሌሎች ተጫዋቾች የተሰረቁ ሆነው ተገኙ። አጨዋወቱ ጥሩ ነበር፤ ሐያስያኑ በዚያ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት በሕመም ውስጥ ሆና ለብቻዋ ይህን ሁሉ ሠራች የሚለው ታሪክ ከድምፁ በፊት በመድረሱ ነው።

አዳራሽና ስቱዲዮ አንድ አይደሉም

ለአልበም የተጻፈ ውዳሴና ለኮንሰርት የተጻፈ ውዳሴ የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚያወድሱት። በስቱዲዮ አንድ ክፍል ደጋግሞ ይቀረጻል፤ የተሻሉት ቁርጥራጮች ይገጣጠማሉ። ስለዚህ አልበም ላይ «እንከን የለሽ» ማለት ተጫዋቹንም አርታኢውንም ማወደስ ነው። ማይክሮፎኑ ቀርቦ ከተቀመጠ የትንፋሽ፣ የጣትና የፀጉር ድምፅ ይሰማል፤ ሒሱ ያንን «ቅርበት» ይለዋል። ቢቢሲ ሚዩዚክ ማጋዚን ለአጨዋወቱና ለቀረጻው ለየብቻ ኮከብ ሲሰጥ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአዳራሽ ውስጥ የቼሎ ትልቁ ጠላት ኦርኬስትራው ነው። ቫዮሊን ከኦርኬስትራው በላይ ይበርራል፤ የቼሎ ዋና ድምፅ ግን ሆርኖች፣ ቫዮላዎችና ባሱኖች በሚሠሩበት መሐል ነው ያለው። በድቮርዣክ ኮንቸርቶ ውስጥ ትሮምቦኖችና ቱባ አሉ። ሾስታኮቪች በ1959 ለሮስትሮፖቪች የጻፈው የመጀመሪያው ኮንቸርቶ ግን ከነሐስ መሣሪያዎች አንድ ሆርን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «ኦርኬስትራው ዋጠው» የሚለው ወቀሳ በሁለቱ ሥራዎች ላይ ክብደቱ እኩል አይደለም፤ በድቮርዣኩ ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሪው ነው። ሐያሲው የተቀመጠበት ወንበርም ይወስናል። ከመድረኩ ጎን ከሆነ የመሣሪያው ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯልና የላይኛው ብሩህነት አይደርሰውም። ሶሎይስቱ የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን ከሥሩ ክፍት ከሆነ ከመሣሪያው እግር የሚወርደውን ንዝረት ተቀብሎ የታችኛውን ድምፅ ያጎለብታል። እነዚህን የሚጠቅስ ሒስ ብርቅ ነው።

ባኽና «ታማኝነት»

የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለብቻው ቼሎ የተጻፉ ስድስት ስዊቶች (በጭፈራ ዜማዎች ላይ የተመሠረቱ የክፍሎች ስብስብ) በባኽ በራሱ እጅ የተጻፈ ኖታ የላቸውም። የሚያገለግሉት የሚስቱ የአና ማግዳሌና ቅጂ፣ የዮሐን ፔተር ኬልነር ቅጂና ሌሎች በኋላ የመጡ ናቸው፤ ኖታዎቹን በአንድ ደጋን የሚያያይዙት ቅስቶች ደግሞ በቅጂዎቹ መካከል አይስማሙም፤ በአና ማግዳሌና ቅጂ ውስጥ እንኳ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ ሁልጊዜ አይለይም። በመጀመሪያው ስዊት መግቢያ ላይ ቅስቱ ሦስት ኖታ ነው የሚያስረው ወይስ አራት የሚለው ጥያቄ ብቻውን አጨዋወቱን ይለውጣል። ሦስት ከታሰረ አራተኛው ኖታ ለብቻው ይናገራል፣ ሙዚቃው ይንቀሳቀሳል፤ አራት ከታሰረ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ስለዚህ «ለባኽ ታማኝ የሆነ አጨዋወት» የሚል ውዳሴ ለየትኛው ቅጂ ታማኝ እንደሆነ ካልነገረን ከንቱ ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው አንድ መልስ ላይ አልቆሙም። ካዛልስ በ13 ዓመቱ በ1890 ባርሴሎና ውስጥ የስዊቶቹን ኖታ አግኝቶ፣ የቀረጻቸው ከ1936 እስከ 1939 ነው። ዮ-ዮ ማ ሦስት ጊዜ ቀርጿቸዋል። ፒተር ዊስፐልቬይም ሦስት ጊዜ ቀርጿል፤ በ2012 የወጣው ሦስተኛው የኤ ቃናን ወደ 392 ኸርዝ ያወረደ ነው፤ ከዛሬው 440 ኸርዝ ሙሉ አንድ ቃና ዝቅ ይላል። ክሩ ሲላላ ድምፁ ቶሎ ይናገራል፣ ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። የአንጀት ክር ሲሆን ደግሞ በኖታው መነሻ ላይ የመቧጨር ድምፅ ይኖራል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የክሩ ጠባይ ነው፤ ከብረት ክር የለመደ ጆሮ ግን «ሻካራ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

መቀስ የገባበት ሒስ

የመጨረሻው ጉዳት የሚደርሰው ከኅትመት በኋላ ነው። ለምሳሌ አንድ ሐያሲ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «የመጀመሪያው ክፍል አስደናቂ በሆነ ጉልበት ተጀመረ፤ ጉልበቱ ግን እስከ መጨረሻው ስላልረገበ ዝግተኛው ክፍል ትንፋሽ አጣ።» ፖስተሩ ላይ የሚወጣው «አስደናቂ ጉልበት» ነው። ማንም አልዋሸም፤ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። ይህን ያዩ ሐያስያን ሁለት መንገድ ይዘዋል። አንዳንዶች ቅጽሎችን በሙሉ ይሸሻሉ፤ ሌሎች ውዳሴውንና ወቀሳውን በማይነጣጠል አንድ ሐረግ ውስጥ ያስራሉ። ሁለተኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንባቢ ፍርድ ይፈልጋል፣ ተጫዋቹም ይገባዋል።

ለመፈተሽ የሚፈልግ አንባቢ የኤልጋርን ኮንቸርቶ ሦስተኛ ክፍል፣ አዳጅዮውን፣ ይውሰድ። አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቼሎው የማያርፍበት ሊባል ይችላል፤ የሚደበቅበት ፈጣን ኖታ የለም። ሦስት ቀረጻዎችን በተከታታይ ያድምጥ፤ የ1928ቱን የሃሪሰንን፣ ካዛልስ በ1945 ከኤድሪያን ቦልት ጋር የሠራውን፣ የ1965ቱን የዱ ፕሬን። በመጀመሪያው ዙር ከኖታ ወደ ኖታ ሲሻገሩ ጣት ክሩ ላይ የሚንሸራተትበትን ድምፅ ብቻ ይከታተል፤ በሃሪሰን ዘመን መንሸራተት የዜማው ቋንቋ ነበር፤ ካዛልስ ጣቶቹን ዘርግቶ በመድረስ ብዙውን አስቀርቷል፤ ዱ ፕሬ ደግሞ ስትንሸራተት ሆን ብላ ነው። በሁለተኛው ዙር የደጋኑን መመለሻ ያድምጥ። በሦስተኛው ዙር የመክፈቻው ሐረግ በክፍሉ መጨረሻ ሲመለስ ጠብቆ፣ ተጫዋቹ ያንኑ ዜማ ሲደግመው ምን እንደለወጠ ይመልከት፤ ደጋኑ ቀለለ? ቪብራቶው ጠበበ? ወይስ የመጨረሻው ኖታ ወደ ፈጣኑ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየ?